የታሰረው መጽሐፍ ወደ መድረክ ሲወጣ

እ.ኤ.አ በየካቲት 1961 የሶቪየት ኅብረት የደኅንነት መሥሪያ ቤት (ኬጂቢ) ሰዎች ሞስኮ ከሚገኘው የደራሲ ቫሲሊ ግሮስማን መኖሪያ ቤት ገቡ። ፍለጋቸው መጽሐፍ ነበር። ደራሲው ለዓመታት የደከመበትን «ሕይወትና ዕጣ ፈንታ» የተሰኘ ረጅም ልብ ወለድ ረቂቅ፣ በጽሕፈት መኪና የተባዙ ቅጂዎቹን፣ ማስታወሻዎቹን ሰበሰቡ። ያም አልበቃቸውም፤ ለማባዣ ያገለገለውን የካርቦን ወረቀትና የጽሕፈት መኪናውን ሪባን ጭምር ወሰዱ፤ የተጻፈው ቃል ዱካ እንኳ እንዳይቀር ነው። ደራሲውን አላሰሩትም። ግሮስማን ግን ለወዳጆቹ ስለ ጉዳዩ ሲያወራ የታሰረው መጽሐፌ ነው ይል ነበር።

ያ መጽሐፍ ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች ይነበባል፤ በሬዲዮ ተደምጧል፣ በቴሌቪዥን ታይቷል፣ በመድረክም ተተውኗል። ይህ ጽሑፍ በተለይ የመጨረሻውን ይመለከታል። ከ800 ገጽ በላይ የሆነ፣ ከመቶ በላይ ገጸ ባሕርያት የሚመላለሱበት፣ አንድ ዓለም አቀፍ ጦርነትንና ሁለት አምባገነን መንግሥታትን የሚሸከም ታሪክ በአንድ ምሽት፣ በአንድ መድረክ ላይ እንዴት ይቆማል? ምን ይቀራል? ምንስ ይጣላል?

በቅድሚያ ስለ ደራሲው ጥቂት እንበል። ግሮስማን በዛሬዋ ዩክሬን በምትገኘው የበርዲቺቭ ከተማ እ.ኤ.አ በ1905 ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርቱ ኬሚስትሪ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ «ቀይ ኮከብ» ለተባለው የሠራዊቱ ጋዜጣ የጦር ሜዳ ዘጋቢ ሆኖ ዘመተ፤ በስታሊንግራድ ፍርስራሽ ውስጥ ከወታደሮች ጋር ወራትን አሳለፈ። ትሬብሊንካ ስለ ተባለው የናዚዎች የጅምላ መግደያ ካምፕ ቀድመው ከጻፉት አንዱ እርሱ ነው። እናቱ ግን በርዲቺቭ ቀርታ ነበር። ጀርመኖች ከተማዋን ከያዙ በኋላ እ.ኤ.አ በመስከረም 1941 ከሺህ ከሚቆጠሩ የከተማዋ አይሁዶች ጋር በጥይት ተደብድባ ተገደለች። ልጅየው ይህን ሐዘን ዕድሜውን ሙሉ ተሸከመው። መጽሐፉን መታሰቢያ ያደረገው ለእርሷ ነው፤ ከሞተችም በኋላ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፎላታል።

መጽሐፉን አደገኛ ያደረገው ምን እንደ ነበር መረዳት ከባድ አይደለም። የናዚ ጀርመን ግፍ በሶቪየት ምድር በይፋ ይወገዝ ነበር። ግሮስማን ግን ካሜራውን በሁለቱም ወገን አዞረው ማለት ይቻላል። በልብ ወለዱ ውስጥ አንድ የናዚ ኤስኤስ መኮንን ሞስቶቭስኮይ የተባለውን እስረኛ፣ በአብዮቱ ያረጀውን ቦልሼቪክ፣ በሌሊት አስጠርቶ ያነጋግረዋል። መኮንኑ አይደበድበውም፤ እኛና እናንተ ፊት ለፊት የቆምን መስታወቶች ነን የሚል ነገር ያሰማዋል። ሽማግሌው ቃሉን ለመጣል ይታገላል፤ ያስፈራውም ነገሩ ውሸት ብቻ አለመምሰሉ ነው። በጦርነቱ ድል ባደረገችና በድሏ በምትኮራ ሀገር ይህን መጻፍ ምን እንደሚያስከትል ግልጽ ነው። ደራሲው ለክሩሽቼቭ አቤቱታ ጻፈ። በኋላም የፓርቲው የርዕዮተ ዓለም ኃላፊ ሚኻይል ሱስሎቭ አስጠርቶ አነጋገረው፤ እንደሚተረከውም መጽሐፉ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ሊታተም እንደማይችል ነገረው። ግሮስማን እ.ኤ.አ በ1964 በካንሰር ሞተ፤ መጽሐፉን በኅትመት አላየውም።

ይሁንና ወዳጁ ገጣሚው ሴሚዮን ሊፕኪን አንድ ቅጂ ሸሽጎ ነበር። የፊዚክስ ሊቁ አንድሬ ሳኻሮቭና ደራሲው ቭላድሚር ቮይኖቪች የተሳተፉበት ምስጢራዊ ሥራ ገጾቹን በማይክሮፊልም አንሥቶ ወደ ውጭ አሾለከ። እ.ኤ.አ በ1980 በስዊዘርላንድ፣ በሎዛን ከተማ ታተመ። በገዛ ሀገሩ የወጣው በጎርባቾቭ ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1988 ነው። ሁለት መቶ የተባለው ዓመት ወደ ሠላሳ እንኳ አልደረሰም።

የእኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ በዓሉ ግርማን ማስታወሱ አይቀርም። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም ታትሞ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። በአንደኛው ሀገር መጽሐፉ ተወስዶ ደራሲው ቀረ፤ በሌላው ደራሲው ተወስዶ መጽሐፉ ቀረ።

ወደ መድረኩ እንመለስ። ልብ ወለድን ወደ ተውኔት መመለስ ማሳጠር ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ሥራው ከዚያ ይለያል። የልብ ወለድ ደራሲ በሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ሐሳቡን ይተርካል፤ ዓመታትን በአንድ አንቀጽ ያሳልፋል፤ ከሞስኮ ወደ ስታሊንግራድ ለመሄድ ገጽ መግለጥ ብቻ ይበቃዋል። መድረክ ላይ ያለው ግን ሰው፣ ድምፅ፣ ብርሃንና ጥቂት ዕቃ ነው። ተመልካቹም ወደ ኋላ ገልጦ ይህ ሰው ማን ነበር ብሎ መፈለግ አይችልም። ስለዚህ ልብ ወለዱን ወደ ተውኔት የሚመልሰው ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ የታሪኩ ምሰሶ የቱ ነው? ምሰሶው ከታወቀ ማገሩ ይፈለጋል፤ የቀረው እንጨት፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ከቤቱ ውጭ ይቆያል።

የሩሲያው አዘጋጅ ሌቭ ዶዲን በሴንት ፒተርስበርግ ማሊ ድራማ ትያትር «ሕይወትና ዕጣ ፈንታ»ን እ.ኤ.አ በ2007 ለሕዝብ ሲያሳይ ምሰሶ ያደረገው አንድን ደብዳቤ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ ቪክቶር ሽትሩም የተባለ የፊዚክስ ሊቅ አለ። እናቱ አና ሴሚዮኖቭና የዓይን ሐኪም ነች፤ ጀርመኖች በያዙት የዩክሬን ከተማ በአይሁዶች መታጎሪያ ሰፈር ተከልላ ሞቷን ትጠብቃለች። ከመገደሏ በፊት ለልጇ የመጨረሻ ደብዳቤ ትጽፍለታለች፤ ደብዳቤውም በሰው እጅ አልፎ ይደርሰዋል። በመጽሐፉ ይህ አንድ ምዕራፍ ነው፤ አንባቢ አንብቦት ያልፋል፣ በልቡም ይዞት ይጓዛል። ዶዲን ግን ደብዳቤውን ቆራርሶ በተውኔቱ ርዝመት ሁሉ ዘራው። እናቲቱን የምትጫወተው ተዋናይት ታቲያና ሼስታኮቫ በልጇ ቤት ውስጥ፣ ሊያያት በማይችለው ልጇ አጠገብ እየተመላለሰች ትናገራለች። ልጁ ስለ ሥራው፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ ትዳሩ ሲጨነቅ የሞተችው እናት እዚያው አለች። ደራሲው በትረካ የሠራውን አዘጋጁ በአካል ሠራው።

መድረኩም እንዲሁ አንድ ነው። ትዕይንት በተለወጠ ቁጥር ዕቃ አይለወጥም። የሽትሩም የሞስኮ ቤት፣ የስታሊን እስረኞች ካምፕና የናዚ ማጎሪያ ካምፕ በአንድ ቦታ ላይ ተደራርበዋል፤ እስረኞች በቤተሰቡ አልጋና ጠረጴዛ መካከል ያልፋሉ። መድረኩን አቋርጦ የተዘረጋ የመረብ ኳስ መረብ አለ። በአንድ ወቅት ወጣቶች ይጫወቱበታል፤ ቆይቶ የካምፕ አጥር ይሆናል። ዕቃው ያው ነው፣ የተለወጠው በመረቡ ወዲያና ወዲህ የቆመው ሰው ሁኔታ ነው። እስረኞቹ የሹበርትን የታወቀ የፍቅር ዜማ ሲዘምሩም ይሰማል፤ አንድ ጊዜ በሩሲያኛ፣ አንድ ጊዜ በጀርመንኛ። ኤስኤስ መኮንኑ በረጅም ክርክር ለሞስቶቭስኮይ ያስረዳውን የመስታወት ነገር ተመልካቹ ያለ አንዳች ማብራሪያ በጆሮው ይቀበለዋል።

ይህን ለማግኘት የተከፈለው ድካም ቀላል አልነበረም። ዶዲን ሥራውን የጀመረው ከትያትር ተማሪዎቹ ጋር ሲሆን ልምምዱ ዓመታት ወስዷል። ተማሪዎቹ ከስክሪፕት አልተነሡም፤ ከራሱ ከልብ ወለዱ ነው የተነሡት። ምዕራፍ በምዕራፍ እየሞከሩ፣ ሚና እየተለዋወጡ፣ መድረክ ላይ የሚቆመውንና የማይቆመውን በገዛ አካላቸው እየለዩ ሄዱ። ወደ ኖሪልስክ፣ የስታሊን እስረኞች በበረዶ ውስጥ ወደ ገነቧት የሰሜን ከተማ ተጓዙ፤ ወደ አውሽዊትዝም ሄዱ። ከዚያ ትውልድ ማንም ያን ዘመን አልኖረበትም፤ አዘጋጁ የፈራው የማያውቁትን ሥቃይ በድምፅ ጩኸት ብቻ እንዳይተውኑት ነው ብዬ እገምታለሁ።

ይህ የአሠራር መንገድ ለዶዲን አዲስ አልነበረም፤ ቀደም ሲል የሠራው ሌላ ሥራ ደግሞ ለገበሬ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። ፊዮዶር አብራሞቭ የተባለው ደራሲ ከአርኻንግልስክ ግዛት የገጠር ልጅ ነበር። በጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ ስለ ነበረችው አንዲት የሰሜን ሩሲያ መንደር ተከታታይ ልብ ወለዶችን ጽፏል። ወንዶቹ ዘምተው አብዛኞቹ አልተመለሱም፤ ሴቶቹና ልጆቹ የጋራ እርሻውን (ኮልኾዙን) ያርሳሉ፣ ያጭዳሉ፣ እንጨት ይቆርጣሉ። ምርቱ ወደ መንግሥት ይሄዳል፤ ለእነርሱ የሚደርሳቸው ቤተሰብ አይመግብም። ዶዲን ተማሪዎቹን ይዞ ቬርኮላ ወደ ተባለችው የአብራሞቭ የትውልድ መንደር ሄደ፤ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ኖሩ፣ አነጋገራቸውን ሰሙ፣ ሥራቸውን ሠሩ። እ.ኤ.አ በ1985 «ወንድሞችና እኅቶች» በሚል ርዕስ በማሊ ድራማ ትያትር የቀረበው ተውኔት ሁለት ክፍል ያለው እጅግ ረጅም ሥራ ሆነ።

በዚያ ተውኔት የመድረኩ ዋና ዕቃ ከግንድ የተሠራ አንድ ግድግዳ ነበር። ከፍ ሲል ጣሪያ፣ ቀጥ ሲል የቤት ግድግዳ ይሆናል። በአንድ ቦታ ላይም የፊልም መጋረጃ ሆኖ፣ በዘመኑ የታወቀው «የኩባን ኮሳኮች» የተሰኘ ፊልም ይታይበታል፦ የተትረፈረፈ አዝመራ፣ የሚዘፍኑ አጫጆች፣ በፍራፍሬ የተሞላ ገበያ። ከፊልሙ በታች ደግሞ እህል ያጣው መንደር አለ። አምባገነናዊ ሥርዓት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ሌላ ንግግር አያስፈልግም። የሚራበው ሰው የጥጋቡን ፊልም ተቀምጦ እንዲያይ፣ ዐይቶም እንዲያጨበጭብ ይጠበቅበታል።

ወደ ግሮስማን ስንመለስ፣ ለመድረክ የተፈጠሩ የሚመስሉ ሁለት ትዕይንቶች አሉት። አንደኛው የስምንት ደቂቃው ነው። ኖቪኮቭ የተባለው የታንክ ጓድ አዛዥ የማጥቃት ሰዓቱ ሲደርስ ታንኮቹን አያንቀሳቅስም። የጠላት መድፎች በደንብ እስኪመቱ ድረስ የመድፍ ድብደባው ይቀጥል ይላል። ከላይ ይደወላል፤ አዛዦቹ ይጮኻሉ፤ ከእነርሱ በላይ ስታሊን አለ። ኖቪኮቭ ስምንት ደቂቃ ይጠብቃል፤ ልጆቹን ከከንቱ ሞት ያድናል። ከጥቃቱ በኋላ የፖለቲካ ኮሚሳሩ ጌትማኖቭ አቅፎ ያመሰግነዋል፤ ከዚያም መዘግየቱን ለበላይ ያመለክትበታል። በመጽሐፍ ስምንት ደቂቃ በጥቂት ገጽ ይነበባል። በመድረክ ላይ ግን ጊዜ እውነተኛ ጊዜ ነው፤ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ማየት ተመልካቹን ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ትያትር የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የስልኩና የብዕሩ ነው፤ በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ልብ ይህ ነው። ሽትሩም ታላቅ የሳይንስ ግኝት ያገኛል። ግኝቱ ከፓርቲው መንፈስ ጋር አይሄድም ተብሎ በስብሰባ ይወገዛል፤ ወዳጆቹ ይሸሹታል፣ በመንገድ ሲያገኙት ፊታቸውን ያዞራሉ። ስሕተቱን እንዲናዘዝ ሲጠየቅ እምቢ ይላል፤ ሻንጣውን አዘጋጅቶ የሚወስዱትን ሰዎች ይጠብቃል። በዚህ መካከል ስልክ ይደወላል፤ የሚናገረው ስታሊን ራሱ ነው፤ በሥራህ እንዲሳካልህ እመኛለሁ ይለዋል። በማግሥቱ ዓለም ሁሉ ወዳጅ ይሆናል። የሸሹት ይስሙታል፣ መኪና ይላክለታል፣ ቤተ ሙከራው ይሟላለታል። ጥቂት ቆይቶ አለቆቹ በአክብሮት አስጠርተው አንድ ወረቀት ያቀርቡለታል፦ ንጹሐን ሐኪሞችን የሚወነጅል፣ የሌሎች ሳይንቲስቶች ስም የሰፈረበት ደብዳቤ። ፈርም የሚለው የለም፤ ሁሉም ፈገግ ብሎ ይጠብቀዋል። ይፈርማል።

ለዛቻ ያልተንበረከከ ሰው ለመወደድ ተንበረከከ። ግሮስማን ይህን የጻፈው ከሩቅ ሆኖ አይደለም፤ እርሱ ራሱ በስታሊን የመጨረሻ ዘመን በአይሁድ ሐኪሞች ላይ ክስ በተነሣ ጊዜ እንዲህ ባለ ደብዳቤ ላይ ለመፈረም ተስማምቶ ነበር። ልብ ወለዱ የሽትሩምን ሐሳብ በገጾች ብዛት ይመረምራል፤ ምክንያት ሲፈልግ፣ ራሱን ሲያታልል፣ ሲያፍር እናየዋለን። መድረክ ይህን ሁሉ ሊናገር አይችልም። በዶዲን ተውኔት ሽትሩምን የሚጫወተው ሰርጌይ ኩሪሼቭ ነው። እናቲቱ መድረኩ ላይ ያለች መሆኗ እዚህ ላይ ትርጉሙ ይጎላል፤ ልጇ የሚፈርመው በእርሷ ፊት ነውና።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ተገኘው ነው። የጠፋውስ? የዶዲን ተውኔት የስታሊንግራድን ጦር ሜዳ አብዛኛውን ትቶታል። እ.ኤ.አ በ2012 ሰርጌይ ኡርሱልያክ ለሩሲያ ቴሌቪዥን ያዘጋጀው ተከታታይ ፊልም ደግሞ በተቃራኒው ጦርነቱን በሰፊው አሳይቶ የናዚ ማጎሪያ ካምፖችንና የመርዝ ጋዝ ክፍሉን አስቀርቷል። ከአንድ መጽሐፍ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ወጡ። ጦርነቱን ብቻ የሚያይ ሰው የጀግንነት ታሪክ አይቶ ሊወጣ ይችላል። ካምፖቹን ብቻ የሚያይ ደግሞ በስታሊንግራድ ፍርስራሽ ውስጥ፣ ሞት አጠገቡ ሆኖ፣ ኮሚሳር ሳይፈራ የልቡን ይናገር የነበረውን ወታደር አያገኘውም። ግሮስማን ለዚያ ወታደር ትልቅ ስፍራ ሰጥቶት ነበር፤ ሕዝቡ ከወራሪ ነፃ ለመውጣት የተዋጋው ከገዛ ፍርሃቱም ነፃ ሊወጣ እንደ ነበር፣ ድሉ ግን እንደ ተነጠቀበት ያምን ነበርና። ይህ በመድረክ ሲቀር ይቆጨኛል።

የሚቆጨኝ ሌላም አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ኽሪስትያ የተባለች አንዲት አሮጊት የዩክሬን ገበሬ አለች። ሴምዮኖቭ የተባለ ከምርኮ በሕይወትና በሞት መካከል የተጣለ ሾፌር በደጇ ያልፋል፤ ሌላው ሰው በሩን ሲዘጋበት እርሷ ታስገባዋለች። ቅማሉን ታጥብለታለች፣ በማንኪያ እያጎረሰች ነፍሱን ትመልሳለች። ይህች ሴት እ.ኤ.አ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ የገበሬው እህል በመንግሥት ትእዛዝ ከጎተራው ተጠርጎ በተወሰደበት ዘመን፣ ረኃቡ ቤተሰቧን የነጠቃት ናት። ምዕራፉ ከዋናው ታሪክ ጋር የተያያዘው በቀጭን ክር ነው፤ ስለዚህ ለማሳጠር መቀስ የሚያነሣ ሁሉ እጁ ቶሎ የሚያርፈው እንዲህ ባለው ላይ ነው። ነገር ግን ደራሲው ከርዕዮተ ዓለም ሁሉ በላይ ያስቀመጠው፣ ምክንያትና ሰበብ የማይጠይቀው ተራ ደግነት ከዚህች ሴት ጎጆ በተሻለ የትም አይታይም። ሥልጣን ቢኖረኝ አንድ የጦር አለቆች ስብሰባ አውጥቼ የእርሷን ማንኪያ አስገባ ነበር።

ሁሉንም ለመያዝ መሞከር ሳይሆን አንድ ብቻ መምረጥ የሻለው አዘጋጅም አለ። አሜሪካዊው የዘጋቢ ፊልም ሠሪ ፍሬድሪክ ዋይዝማን የእናቲቱን ደብዳቤ ብቻ ወስዶ በፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ለአንዲት ተዋናይት፣ ለካትሪን ሳሚ፣ መነባንብ አድርጎ አዘጋጀው፤ እ.ኤ.አ በ2002ም ፊልም ሆነ። አንዲት ሴት፣ ጥቁር ልብስ፣ ጥላዋ፤ ሌላ ምንም የለም። በሌላው ጫፍ ደግሞ የእንግሊዙ ቢቢሲ ሬዲዮ እ.ኤ.አ በ2011 ልብ ወለዱን ስምንት ሰዓት በሚወስድ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ አቀረበው፤ ሽትሩምን የተጫወተው ኬኔት ብራና ነው። ሬዲዮ ከመድረክ የሚሻልበት ነገር አለ። ዕቃ መለወጥ አያስፈልገውም፤ ከሞስኮ ወደ ስታሊንግራድ ለመሄድ አንድ የመድፍ ድምፅ ይበቃዋል፤ የሰው ውስጣዊ ሐሳብም ያለ ኀፍረት ወደ ጆሮ ይገባል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ፊደል ያልቆጠረ አባወራ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጆች ያወቃቸው በዚያ ድምፅ ነው።

የመድረክ ብልጫው ሌላ ነው። ሬዲዮን ሰው በቤቱ ብቻውን ይሰማዋል፤ ትያትርን ከማያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ ያየዋል። ስታሊን ሲደውል በአዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይደነግጣል፤ ተመልካቹ የአጠገቡን ሰው መሳቅና መደንገጥ ይሰማል። ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካም ዝምታው የሁሉም ነው። የዶዲን ተውኔት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። በሩሲያና በአውሮፓ ከተሞች ከዓመት ዓመት ሲታይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ በ2018 በለንደን ሄይማርኬት ትያትርም ቀርቧል። ከግሮስማን ቤት የተወሰዱትን ወረቀቶች የሩሲያ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ለመንግሥት ቤተ መዛግብት ያስረከበው እ.ኤ.አ በ2013 ነው፤ የመድረኩ ሽትሩም እየፈረመ ስድስት ዓመት ካለፈው በኋላ ማለት ነው።